ሰላምታ የበላው መንገድ

ከናይሮቢ በመጣው ካርቶን ውስጥ መንገድ የሚመራ ሦስት ዓይነት ዕቃ ነበር። ከሦስቱ ለመኪኖቻችን የሚሆነውን ሞክሬ እንድመርጥ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። መሐንዲስ ስለሆንኩ አይደለም። ጁባ ውስጥ፣ ቶንፒንግ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት የስቶር ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቧንቧ፣ ብሎን፣ የፓምፕ ጎማና የሞተር ዘይት እረከባለሁ፣ አስረክባለሁ። ኃላፊያችን እንደ እኔ ከአዲስ አበባ የመጡ ሴት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናቸው። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «አንተ ማንም የማይከፍተውን የፓምፕ ማኑዋል ቁጭ ብለህ ታነባለህ» አሉኝ። «ይኼንንም አንብብና የሚረባውን ንገረኝ።»

የደቡብ ሱዳኑ ሰላም ከተፈረመ ወዲህ ሁለተኛው በጋ ነበር። ከጁባ ከወጡ በኋላ መንገድ የሚባለው ሌላ መኪና ያለፈበት ዱካ ነው፤ ከዱካው ግራና ቀኝ ፈንጂ ይኖርበት ይሆናል ተብሎ የሚፈራ ሣር አለ። ስለዚህ ለእኛ ከመንገድ ውጭ መንዳት ማለት በፈለጉት በኩል መሄድ ሳይሆን፣ ሰውና ከብት የሄደበትን ጠባብ መስመር ሳይለቁ መሄድ ማለት ነበር። ሪጉ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚቆፍረው ከባድ መኪና፣ ወደ አንድ መንደር ከመነሳቱ በፊት የሚያልፍበት መስመር በጂፒኤስ ተይዞ፣ በፋይል ፈንጂ ለሚያጸዳው ቢሮ ይቀርባል። እነሱ ከራሳቸው ካርታ ጋር አስተያይተው ካልፈቀዱ ሪጉ አይንቀሳቀስም። አንድ ሹፌር «መንገዱን አውቀዋለሁ» ቢል አይበቃቸውም፤ ቢሮው ውስጥ የሚቀመጥ መስመር ይፈልጋሉ።

ሙከራውን አብሮኝ የሠራው ሹፌር ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ረጅም ሰው ነበር። ልጅ ሳለ ከነጭ ዓባይ ማዶ ካለ መንደር ተሰዶ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ጋምቤላ አድጎ፣ ከሰላሙ በኋላ ነው የተመለሰው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይልቅ ቀልድ ያውቃል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ደስ ሲለው «ኢንጂነር»፣ ሲናደድብኝ «አንተ ልጅ» ይለኛል።

መጀመሪያ የሞከርነው መስታወት ላይ የሚለጠፈውን፣ ሰፊ ባለቀለም ስክሪን ያለውንና በሴት ድምፅ እንግሊዝኛ የሚናገረውን ነበር። ግቢው ውስጥ ያየው ሁሉ ይህን ግዙ ይላል። በውስጡ የተጫነው ካርታ ግን የኬንያና የዩጋንዳ ብቻ ነው። ከበሩ ወጥተን ወደ ገበያው ስንታጠፍ መኪናችን ባዶ ቢጫ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ቀስት ሆነ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ተመለሱ አለችን። በሚቀጥለው መታጠፊያም ይህንኑ ደገመች። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ።

«ወዴት ነው ተመለሱ የምትለው?»

«ወደ ዩጋንዳ ድንበር» አልኩት። «የምታውቀው መንገድ እዚያ ነው የሚጀምረው።»

«ይቺ ሴትዮ ስደት ለምዳለች» አለ። «እኔ ሀያ ዓመት ቆይቼ ገና መግባቴ ነው። ንቀልልኝ።»

ነቀልኩት።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ነበር፤ ከእሱ ጋር ሁለት የካርታ ሶፍትዌሮች በሲዲ መጥተዋል። የመኪናው ጣሪያ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ፣ የኮምፒውተር ማውዝ የሚመስል አንቴናም አለው። ጥሩነቱ ማንኛውንም የወረቀት ካርታ ስካን አድርጎ ማስገባትና መኪናው በዚያ ላይ ሲሄድ ማየት መቻሉ ነው። ኃላፊያችን የድሮ የሱዳን ካርታዎች ነበሯቸው፤ ጅረቱ፣ ኮረብታው፣ የእግር መንገዱ በቀጭን መስመር የተሳለባቸው፣ ጠርዛቸው የተበላ ትልልቅ ወረቀቶች። እነዚያን ስካን ሳደርግ ዋልኩ። በማግስቱ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወንዙን በግራችን ይዘን፣ በረጃፍ መንገድ ወረድን። የሄድንበት በቀይ መስመር መሳል ጀመረ። የሚሳለው ግን ወንዙ ውስጥ ነበር።

ሹፌሩ አንገቱን ዘርግቶ አየ። «የምነዳው መኪና ነው ታንኳ?»

ቢሮ ተመልሰን ሳሳያቸው ኃላፊያችን አልገረማቸውም። የድሮ ቀያሾች ምድሪቱን ሲለኩ የተነሱበት ነጥብ ሳተላይቶቹ ከሚጠቀሙበት የተለየ እንደሆነ፣ የሱዳንም የኢትዮጵያም የቆዩ ካርታዎች መነሻ አዲንዳን እንደሚባል አስረዱኝ። «ሶፍትዌሩ አዲንዳንን ካወቀ ይስተካከላል፤ ካላወቀ አትድከምበት» አሉኝ። በአንደኛው ሶፍትዌር ውስጥ ረጅም የስም ዝርዝር አለ፤ ወደ ታች ስወርድ አገኘሁት። ስመርጠው ቀዩ መስመር ከወንዙ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኛ። ሁለተኛው ሶፍትዌር ኮረብታውን በጥላ አሳምሮ ያሳያል፣ ስለ አዲንዳን ግን የሰማው ነገር የለም። ሲዲውን ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ላፕቶፑ ራሱ ግን ለመኪና አይሆንም ነበር። መንገዱ ሲከፋ በንዝረቱ ይጠፋል፤ ሙቀቱም እስከ ቀትር ድረስ ብቻ ነው የሚታገሰው። የቀረው ሦስተኛው፣ የእጅ ጂፒኤሱ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ግራጫ ስክሪን ያለው ዕቃ ነበር። አይናገርም። ካርታውም ከምንም አይቆጠርም። የሄዱበትን ግን ነጥብ በነጥብ እየያዘ ክር የመሰለ መስመር ያወጣል። ከጠረጴዛ ላይ ጣልኩት፣ አልጠፋም። የመኪና ኮፈን ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ፣ አልጠፋም። በመጨረሻ ያቀረብኩት ምርጫ ይህ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ግራጫው ዕቃ፣ ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑና አዲንዳንን የሚያውቀው ሶፍትዌር፣ በሁለቱ መካከል አንድ ገመድ። ኃላፊያችን ተስማሙ።

የእጅ ጂፒኤሱ ነጥብ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በጊዜ፣ ወይ በርቀት። እኔ በጊዜ አደረግኩት፤ ከተፈቀደውም አጭሩን፣ በየሰከንዱ የሚለውን መረጥኩ። አንድም መታጠፊያ እንዲያመልጠን አልፈለግኩም። ነጥቡን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲሞላ ደግሞ የቆየውን እየሰረዘ አዲሱን እንዲጽፍ አዘዝኩት፤ አለበለዚያ መሀል መንገድ ላይ መያዙን ያቆማል።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ የሹፌሩ የራሱ መንደር ሆነ። እናቱ በጦርነቱ ጊዜ ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ ጁባ መጥተው ሎሎጎ በሚባል ሰፈር በአንድ የቆርቆሮ ቤት ተጠግተው ኖረዋል። እሱ ከኢትዮጵያ ሲመለስ ሁሉንም አሰባስቦ ወደ መንደሩ ወሰዳቸው። ጉድጓድ ይቆፈርላችኋል ብሎ ቃል የገባላቸውም እሱ ነው። እስከዚያው የሚጠጡት የደረቀ ወንዝ አሸዋ ጭረው ከሥሩ የሚያገኙትን ነበር። በጋው በገፋ ቁጥር ጉድጓዳቸው ይጠልቃል፣ የሚቀዳው ይቀንሳል። እናቱ የሎሎጎው ቤት እንዳይነካ አዘው ነበር፤ በዚህ በጋ ውሃ ካልተገኘ ሁሉም ወደዚያው ይመለሳሉ። እሱ ይህን ሲያወራ ቀልዱን ያቆማል።

ሪጉ ኪራይ ነው፤ ሠራተኞቹ ዩጋንዳውያን ናቸው። «መስመሩን እስከ ዓርብ ካላስገባን ሪጉ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል» አሉት ኃላፊያችን። «ከዚያ ዝናብ ይገባል። ዝናብ ከገባ እስከሚመጣው በጋ ጠብቅ ነው።»

«ነገ ማለዳ እነሳለሁ» አለ።

ዕቃውን ዳሽቦርዱ ላይ በጎማ ጠፍሬ አሰርኩለት።

«ጋሼ፣ ምንም ቢሆን አታጥፋው።»

«ብተኛስ?»

«ብትተኛም።»

«ማንኮራፋቴን ይጽፋል?»

«ያለህበትን ቦታ ብቻ ነው የሚጽፈው።»

«እንግዲያው ይጻፍ» አለና ሄደ።

እናቱ ዘንድ አድሮ በማግስቱ ከሰዓት ተመለሰ። ገመዱን ሰካሁ፤ ሦስታችንም ላፕቶፑ ላይ አጎነበስን። መስመሩ ከግቢያችን በር ተነስቶ የብረት ድልድዩን ይሻገራል፣ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ጥሩ ነው። ከዚያ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። ከተቆረጠበት እስከ መንደሩ ያለው ግማሽ ባዶ ነው። የመሄጃው ጉዞ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ማክሰኞ ነበር።

መስመሩ ራሱም ደህና አልነበረም። ቀጭን መሆን ሲገባው በየቦታው ይወፍራል፤ ቀለም የተንጠባጠበበት ይመስላል። አንዱን ነጠብጣብ አጎላሁት። ብዙ ነጥብ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ የጉንዳን ጉድጓድ አፍ መስሎ ታየ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» አሉ ኃላፊያችን።

ሹፌሩ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። «ይቺ?» አለ። «ይቺ አክስቴ ናት።»

«አክስትህ?»

«የአባቴ እህት። ጎጆዋ መንገዱ ዳር ነው። ስሄድም ወርጃለሁ፣ ስመለስም ወርጃለሁ።»

«ይኼስ?»

«እሱ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ነው። መኪናዬን በድምፁ ይለያል። ዝም ብዬ ባልፍ ለአገሩ ሁሉ ያማኛል።»

ትልቁን ነጠብጣብ አሳየሁት። ይህን እንኳን ሳያስብ አወቀው። «እዚህ ልጅ ተወልዶ ደረስኩ» አለ። «ልጅ ተወልዶ ይታለፋል?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሱ ወርዶ ሰላም ሲል፣ መኪናው ቆሞ፣ ዕቃው ያንኑ አንድ ቦታ በየሰከንዱ ሲጽፍ ቆይቷል። ሌሊቱንም ሙሉ የእናቱን ግቢ ሲጽፍ አድሯል። ነጥብ የሚያስቀምጥበት ሲሞላ የቆየውን ሰርዟል፤ የተሰረዘውም እኛ የምንፈልገው የሩቁ ግማሽ ነው። ይህን ለሁለቱም በዝግታ አስረዳሁ። ዕቃው እንደታዘዘው ሠርቷል፤ ያዘዘው ሰው በዚህ አገር ሰላምታ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አላሰበም።

«አክስቴ መንገዱን በላችው በለኛ» አለ ሹፌሩ። ለመቀለድ ሞክሮ ነበር፤ ድምፁ ግን አልተከተለውም።

ኃላፊያችን ጥቂት አሰቡና፣ «ነገውኑ ተመለስ። የትም ሳትቆም ሂድ» አሉት።

«እትዬ፣ እሱን አይዘዙኝ» አለ። «ማፈሩ ይቅር። መንገዱን የሚነግሩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። አሸዋው የቱ ጋ እንደላላ፣ ማን የቱ ጋ እንደቆፈረ ወርጄ ካልጠየቅኩ በምን አውቃለሁ? ሪጉ ደግሞ የእኔን መኪና ዓይነት ክብደት አይደለም ያለው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ። እንዲያውም ረዘም አድርገህ ጠይቅ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዕቃህን አስተካክል። አብረኸውም ትሄዳለህ።»

በርቀት እንዲይዝ አደረግኩት፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነጥብ እንዲጥል። መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ሞከርኩት። ይዤው በውሃ ታንከሩ ዙሪያ ተራመድኩ፣ ዘበኛው ጋ ቆሜ በእንግሊዝኛ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ኪራይ ረዘም አድርጌ አወራሁ፣ እንደገና ተራመድኩ። ላፕቶፑ ላይ ሳየው ከዘበኛው ጋር ያወራሁበት ቦታ ከሌላው በምንም አይለይም። ዘበኛው ግን እንዲህ ብዙ ስናገር ሰምቶኝ ስለማያውቅ፣ ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ድልድዩን ተሻግረን ቀይ አቧራ ውስጥ ገባን። አክስትየው ቤት ስንደርስ መኪናው ገና ሳይቆም ሁለት ዱካ ወንበር ወጣ። «ኢታ ኬፍ?» አሉኝ፣ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። «ኩወይስ» አልኩ፤ ደህና ነኝ። የምችለው ዓረብኛ እዚያ ላይ አለቀ። እሳቸው ግን አላለቀባቸውም፤ እናቴን፣ አገሬን፣ ለምን እንደከሳሁ ጠየቁኝ። ሹፌሩ እየተረጎመ የራሱን ይጨምራል። ከዚያ ስለ መንገዱ ጠየቃቸው። እጃቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው ረጅም ነገር አወሩ።

«ደረቁ ወንዝ ጋ አሁንም በድሮው መሻገሪያ እንዳትሄዱ ትላለች» አለኝ። «ውሃው ስለራቀ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚቆፍረው። ላይ ላዩን ባዶ አሸዋ ይመስላል። ከብቶቹ አሁን የሚሻገሩት ከላይ በኩል፣ ድንጋዩ ጋ ነው።»

መኪናው ውስጥ ስንገባ ስክሪኑን አየሁ። መስመሩ ሳይወፍር እንደ ክር ቆሟል።

«አሁን ጻፈኝ?»

«አልጻፈህም።»

«አክስቴንስ?»

«እሳቸውንም አልጻፈም።»

«እንዳትነግራት፤ ቅር ይላታል።»

ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ጋ ወረድን። ልጅ የተወለደበትም ቤት ወረድን፤ ሕፃኑን አሳቀፉኝ። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ እኔ በእግሬ ቀድሜ የድሮውን መሻገሪያ አየሁ። አሸዋው በጉድጓድ ተቦርቡሮ፣ አንዳንዱ ሰው እስከ ደረቱ የሚያስገባ ሆኖ፣ አፉ በሣርና በቅርንጫፍ ተሸፍኗል። የሪጉ አንድ ጎማ ከገባ ያ በጋ እዚያ ያልቃል። በከብቶቹ መሻገሪያ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በዝግታ ተሻገርን። ያን መታጠፊያ ዕቃው አንድ በአንድ ያዘው።

መንደሩ ስንደርስ የሹፌሩ እናት በላስቲክ ኩባያ ውሃ ሰጡኝ። ከሥሩ አሸዋ ተኝቷል። እየጠጣሁ ሳለ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ማሽኑ መቼ ይመጣል ትልሃለች» አለ ሹፌሩ።

የማላውቀውን ቀን መናገር አልፈለግኩም፤ ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። እሱ በራሱ ቋንቋ መለሰላቸው። በኋላ ምን እንዳላቸው ስጠይቀው፣ «ይኼ ልጅ መንገዱን ይዞት ይሄዳል፣ መንገዱ ተመልሶ ማሽኑን ይዞ ይመጣል አልኳት» አለኝ።

ፋይሉን አስገባን። የፈንጂ አጽጂው ቢሮ ሰውዬ መስመራችንን ካርታው ላይ ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ጫፍ ተከተለው። ወንዙ ጋ ቆመ። እዚህ ለምን ዞራችሁ አለ። ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ከብቶቹና ስለ ድንጋዩ ነገርኩት። ከብት በየቀኑ የሚሻገርበት ነው ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀ። አዎ አልኩ። ከኋላ ካለ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረና ፈቃዱን አትሞ ሰጠኝ። ዓርብ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ነበር።

ሪጉ ሲሄድ ሹፌራችን አልሄደም። የእሱ መኪና እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ እንዲያመላልስ ታዝዟል። እኔ ከሪጉ ሹፌር ጎን ተቀምጬ ዕቃውን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሪጉን የሚነዳው ዩጋንዳዊ ኦቾሎኒ እየበላ፣ ግራ ስል ግራ፣ ቀስ ስል ቀስ እያለ ክሩን ተከተለ። መንገድ ዳር ባሉት ጎጆዎች ሁሉ አስቆምኩት፤ ሹፌራችን ሳትወርዱ እንዳታልፉ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ዩጋንዳዊው ከሪጉ ወርዶ ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ ወጥቶ ያን ሁሉ ብረት እንደ እንቁላል አሻገረው።

ቁፋሮው በማግስቱ ተጀመረ። በደቡብ በኩል ደመና መቆለል ጀምሯል። መጀመሪያ የወጣው ቀይ አቧራ ነው፤ ከዚያ ግራጫ የድንጋይ ዱቄት፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያው ግራጫ ዱቄት። የመንደሩ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ያያል፤ ልጆቹ እንኳን አይጮሁም። እናትየው አልተቀመጡም። ከሰዓት በኋላ ዱቄቱ ጠቆረ፣ ረጠበ፣ ጭቃ ሆነ። ቧንቧው እንደ ሰው ሳለና ውሃ ተፋ።

ሪጉ ላይ ባለው የመገናኛ ሬድዮ ጁባን ጠራሁ። የመለሰልኝ ሬድዮ ክፍል ውስጥ ሲጠብቅ የዋለው ሹፌራችን ራሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ወጣ።»

ሬድዮው ትንሽ ተንጫጫ። «ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው ይላሉ። አሁን ድፍርስ ነው፣ ይጠራል።»

«እናቴ የት ናት?»

አጠገቤ ነበሩ፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። መነጋገሪያውን ሰጥቼ የሚጫኑትን ቁልፍ አሳየኋቸው። ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ ሥራ እንደሚያዝዝ ሰው ጥቂት ተናገሩ። መልሱን ሳይጠብቁ መነጋገሪያውን መልሰውልኝ ወደ ውሃው ሄዱ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሎሎጎ ሂድና ቤቱን አፍርስ ነው የምትለኝ» አለ። «ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ምሰሶውን ሳይቀር ጭነህ አምጣ ትላለች። ዝናብ ሳይመጣ።»

«ትችላለህ?»

«ምሰሶውን እኮ ምስጥ በልቶታል። ለምድጃ እንኳን አይሆንም።»

«መነጋገሪያውን ልስጣቸውና ንገራቸው?»

«ተው» አለኝ። «ዝም በላት። አመጣዋለሁ።»